ስማቸው ያልተጻፈ ሰልጣኝ

የመኪና መንዳት አስተማሪውን ሰልጣኞቹ «ፍሬን» ነው የሚሉት፤ ቀኑን ሙሉ ከአፉ የማትጠፋ ቃል ናትና። ቀጭን፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎ የሚበርድለት ሰው ነው። ዘዴውም አንድ ናት፦ ዙር። እጁ አልፍታታ ያለውን ሰልጣኝ በምክር አያደክመውም፤ ያዞረዋል። ለዚህ የመረጠው ባንኩ ያለበትን ሰፈር ነው፤ መንገዱ ጭር ያለ፣ ዳገቱ ለስላሳ። አንዱን ሰው ሠላሳ ጊዜ ሲያዞረው ትንሽ እንኳ አይሰለቸውም።

መቼም የሰፈሩ ሰው ይህን ያውቃል፤ ማሽን ግን ከየት ይወቅ? ባንኩ ጥግ ላይ የመኪና ሰሌዳ የሚያነብ ካሜራ ተተከለ። ካሜራውም አንዲት ነጭ መኪና በአንድ ወር ውስጥ ባንኩን ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ዞራለች ብሎ ለፖሊስ አቀበለ። ፍሬን ተጠራ፤ መኪናዋም ጣቢያው ግቢ ታሰረች።

መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጥንቃቄ ያበዛ እንጂ። የሰልጣኞቹን መዝገብ አስመጥቶ ከካሜራው ወረቀት ጎን ዘረጋና ማስመሪያ ይዞ መስመር በመስመር ወረደበት። ለሁሉም ዙር ባለቤት ተገኘለት። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ግን መዝገቡ ባዶ ነው፤ መኪናዋ ትዞራለች።

«በዚህ ሰዓት ማን ነበር?»

«ሰልጣኝ ነዋ» አለ ፍሬን።

«ስሙ?»

«እሱን እንኳ አልናገርም፣ ጌታዬ።»

«ካሜራው የሚያየው ሰሌዳ ብቻ ነው። ውስጥ ማን እንደተቀመጠ የምታውቀው አንተ ነህ። ካልነገርከኝ መኪናዋ አትወጣም» አለ መርማሪው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስማቸው ያልተጻፈው ሰልጣኝ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ስልሳ አራት ዓመታቸው። የባለቤታቸው እግር ከከዳቸው ሦስት ዓመት ሆኗል። ሰውየው ከቤት የሚወጡት ልጆቻቸው ሲመቻቸው ነው፤ ያውም ለሐኪም ቤት። አዋላጇ መንዳት ልማር ቢሉ ልጆቹ ሳቁባቸው፤ ባልየው ደግሞ «በእኔ የተነሳ አትደክሚም» ብለው እምቢ አሉ። እሳቸው ግን ባልየው ምሳ በልተው ጋደም በሚሉባት ሰዓት ሹልክ ብለው መጡ። «መንጃ ፈቃዴን እስካወጣ ነፍስ እንዳይሰማ። መዝገብህም ላይ አትጻፈኝ፤ ሁሉ የሚያገላብጠው ነገር ነው» አሉት። ፍሬንም ቃል ገባላቸው፤ ይኸው ቃሉ ጣቢያ አደረሰው።

የፍሬን ሚስት ነገሩ አልገባትም። «አንተ ሰውዬ፣ መንዳት የተማረን ሰው ማን ምን ያደርገዋል? ስሙን ተናገርና ተገላገል።»

«ቃል ገብቻለሁ አልኩሽ።»

«እንግዲያው ቃልህን ቁርስ አቅርብልን» አለች።

በስምንተኛው ቀን መርማሪው እንደገና አስጠራው። እስከ ነገ ስሙን ካላመጣ የማስተማር ፈቃዱ እንደሚታገድ ነገረው። አሥራ ስድስት ዓመት የሠራበት ፈቃድ ነው። ምን ይዋሻል፣ ያን ዕለት የአዋላጇ ስም ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፍሬን መርማሪው ቢሮ ሲገባ አዋላጇ ቀድመውት ተቀምጠዋል። ሐሙስ ዕለት ቆመው ጠብቀው ሲያጡት፣ ጠያይቀው ወሬውን ሰምተዋል። አጠገባቸው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ባለቤታቸው አሉ።

«ያ ስም የጠፋለት ሰልጣኝ እኔ ነኝ፤ ጻፍ» አሉት መርማሪውን። «ግን አንድ ነገር አስረዳኝ። ከማን ጋር መኪና ውስጥ እንደተቀመጠ ያልተናገረ ሰው ሥራው የሚዘጋው ከመቼ ወዲህ ነው? ዞረ፤ ዞሮ ምን ሰረቀ?»

መርማሪው አቀረቀረ። «ማሽኑ ቆጠረ፣ እኔ ጠየቅሁ፣ እማማ።»

«አንተ እንኳ ማሽን አይደለህም። አሁን ደግሞ የት የት እንደዋልን ያጠራቀማችሁትን አጥፉልን።»

ማጥፋቱ በእሱ እጅ እንዳልሆነ ነገራቸው። እሳቸው ወረቀት ተቀብለው ማመልከቻውን እዚያው ጻፉ፤ ፍሬንም ከስር ፈረመ። መርማሪው ማህተም አሳርፎበት ተቀበላቸው፤ የመኪናዋንም ቁልፍ ለፍሬን መለሰለት።

ፍሬን ቁልፉን ጨብጦ ቀረ። «እማማ፣ እኔ አፌን ብቻ ነው የዘጋሁት። እርስዎ ግን አራት ወር የደበቁትን ለእኔ ብለው አወጡት። ውለታዎን በምን እመልሳለሁ?» አለ፤ እንባው ቀደመው።

ባልየው እጃቸውን ዘረጉ። ከእሳቸው ተደብቆ የኖረ ነገር ነውና ፍሬን ሊቆጡት መሰለው። እሳቸው ግን እጁን አጥብቀው ያዙት።

«በዚያች ሰዓት እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። በሩን ቀስ አድርጋ ስትዘጋ እሰማለሁ። እኔን ማስታመም ሰልችቷት ነው፣ ትንሽ ተንፍሳ ልትመለስ ነው እያልሁ ጣራ ጣራውን አያለሁ። የት ነበርሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፤ መልሱን ፈርቼ» አሉት። «ለካ ስለ እኔ ነበር የምትዞረው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

አዋላጇ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያም የባላቸውን ወንበር ወደ ግቢው መግፋት ጀመሩ። ፍሬንም የመኪናዋን በር ሊከፍትላቸው ቀድሞ ሮጠ።