ለስለት የገባው ዊልቸር

በሐምሌ ገብርኤል ዕለት፣ የመርሳ ከተማ ሕዝብ ጢም ብሎ በተሰበሰበበት፣ የሲራክ ቀኝ እግር ተነስቶ የዲያቆኑን የጠበል ጆግ መትቶ አበረረው። እልልታው አስፋልቱን ተሻግሮ ገበያ ደረሰ።

ሲራክ ግን ደነገጠ እንጂ አልተደሰተም። ከሦስት ዓመት በፊት ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ከድቶት የጭነት መኪና ወገቡን ሰብሮታል፤ ከዚያ ወዲህ እግሮቹ አይታዘዙትም፣ ቢቆነጠጡም አይሰማውም። ብርድ ሲነካቸው ግን በራሳቸው ፈቃድ ይዘላሉ። ደሴ ያከመው ሐኪም «ይህ መዳን አይደለም፣ አትታለል» ብሎታል። ለዚህ ነበር በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ከዊልቸሩ መርገጫ ጋር የሚያስራቸው። ለጠበሉ ሲባል ያን ላስቲክ እናቱ ፈትተውት ነበር።

እናቱ እማማ የሻረግ ደግሞ ስለት ነበረባቸው። «እግሩን ካነሳህልኝ ወንበሩን ላንተ አገባለሁ» ብለው ተስለዋል። እግሩ ተነሳ፤ ወንበሩ ገባ። ከአንድ ጃንጥላና ከሁለት ምንጣፍ ቀጥሎ «እማማ የሻረግ፣ አንድ ዊልቸር!» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ጎረምሶች ሲራክን እንደ ሙሽራ ተሸክመው፣ እየጨፈሩ ወስደው አልጋው ላይ አስቀመጡትና ሄዱ።

አልጋው ላይ ቀረ።

በዚያ ዊልቸር የታወቀ ጎሚስታ ነበር። ጎማ ይለጥፋል፣ ገበያ ይወርዳል፣ ራሱ ታጥቦ ራሱ ይለብሳል። የከተማው ሰው ግን «ወንበር ላይ ታስሮ ቀረ፣ እኔን!» እያለ ከንፈሩን ይመጥለት ነበር፤ ያውም ሲራክ በአጠገቡ እየበረረ አልፎት ሲሄድ። ጆሮውም አብሮ የሞተ ይመስል የሚጮኹበት አሉ። ሌሎቹ ጭራሽ እሱን ትተው እናቱን «ሽሮ ይበላል?» ብለው ይጠይቃሉ።

«እማዬ፣ ዶሮም አንገቷ ከተቆረጠ በኋላ ትዘላለች» አላቸው በማግሥቱ።

«ዝም በል! ገብርኤል ይሰማሃል!»

«ይስማኛ! ከሰማ ወንበሬን ይመልስልኝ።»

እማማ የሻረግ አማተቡ። አዲስ ሸራ ጫማ ገዝተው በየጠዋቱ ከአልጋው ሥር፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙረው ያስቀምጡ ጀመር። ሰፈሩም ፊቱን አዞረበት። እስከዚያ ምስኪን ነበር፤ አሁን ሰነፍ ሆነ። የባጃጅ ሾፌሩ ጓደኛው ሙላቱ እንኳ ሊጠይቀው መጥቶ «እምነት አንሶህ ነው እንጂ ትነሳ ነበር» አለው።

«ውጣልኝ! በምን እግሬ ላባርርህ?»

ሁለቱም ሳቁ። ወንበሩን አምጣልኝ ሲለው ግን ሙላቱ ሳቁን ዋጠ። «የስለት ዕቃ? ወንድሜ፣ እኔ ልጆች አሉኝ።»

ነሐሴ ሲገባ ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማ ጀመር። አንድ ጠዋት አስፋልቱ በሰው ሞላ፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ በሬ የሚነዳ፣ ልጅ ያዘለ፣ ሁሉም ወደ ውርጌሳ ይሸሻል።

«ተነስ በለው ጌታዬ፣ ዛሬ እንኳ ተነስ በለው» አሉ እማማ የሻረግ፣ ጫማውን በእጃቸው እንደያዙ።

ሲራክ እጃቸውን ያዘ። «እማዬ፣ እኔኮ ተነስቼ ነበር። ጎማ ስለጥፍ፣ ገበያ ወርጄ ሽንኩርት ሳመጣልሽ በምን ነበር የምሄደው? እግሬን እኮ ነው ለገብርኤል የሰጠሽብኝ።»

እናቱ ጫማውን ከአልጋው ሥር መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉ። «የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ሄጄ እለምነዋለሁ። እስክመጣ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል!»

«በምን እማዬ?»

እየሳቁ ወጡ።

የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሳይጨርሱ ይሆናል ሙላቱ ባጃጁን በሩ ላይ ያቆመው። ከአንድ ጎረምሳ ጋር ገብቶ ሲራክን በብብቱ አነሳው።

«ተወኝ! እናቴ ወንበሬን ልታመጣ ሄዳለች!»

«እሳቸው በእግራቸው ይደርሳሉ፤ የማትችለው አንተ ነህ።»

«ሙላቱ፣ ስሞትልህ!»

«እኛ እያለን ወንበር ምን ያደርግልሃል?»

የሙላቱን ልጆችና ሁለት ማዳበሪያ እህል ገፋ ገፋ አድርገው አስገቡት። መውረድ የሚችል ሰው ወርዶ ይቀር ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክም ተቋረጠ። ሲራክ ደሴ፣ ቀጥሎም ደብረ ብርሃን፣ የትምህርት ቤት ወለል ላይ ተኛ። «እሱ እንኳ አይሰማውም» ብለው ስስ ምንጣፍ አነጠፉለት፤ የማይሰማው ገላ ፈጥኖ እንደሚቆስል የሚያውቅ አልነበረም። ዳሌው ቆሰለ። ከመርሳ በእግሩ የመጣ ሰው ባገኘ ቁጥር ወንበር የምትገፋ አሮጊት አላየህም ወይ ይለዋል። አላየንም ይሉታል፤ ዞር ብለውም አእምሮውንም ሳይነካው አልቀረም ይባባላሉ።

በታኅሣሥ መንገዱ ሲከፈት ሙላቱ ወደ መርሳ መልሶ፣ በጀርባው አዝሎ ከቤቱ አገባው።

ወንበሩ ከበሩ ውስጥ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ቆሟል። ነጠላ ለብሷል። መርገጫው ላይ ሸራ ጫማው ተቀምጧል።

ጎረቤታቸው መሪማ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች ታለቅስ ጀመር።

«ያኑ ዕለት ከሰዓት እየገፉ አመጡት። 'ቄሱ ቢቆጡም ገብርኤል አልተቆጣም' አሉኝ። ቤቱን ባዶ ሲያዩት ጊዜ... እንሂድ እማማ፣ ሰው ወስዶት ይሆናል ብላቸው ወላሂ እምቢ አሉ። 'እግሩን ትቶ የት ይደርሳል? ይሄኔ እዚሁ አንዱ ቤት ነው፤ መጥቶ ቢያጣውስ?' አሉኝ። እኔም ትቻቸው መሄድ አልሆነልኝም፣ ቀረሁ።»

ሲራክ ነጠላውን በእጁ ዳበሰ።

«ቅባት በጠፋበት ሰዓት የወጥ ዘይታቸውን የጎማው ብረት ላይ ያፈሱታል፤ እንዳይዝግበት ብለው። የደም ግፊት ኪኒናቸው ካለቀ በኋላ አልቆዩም። በጥቅምት ቀበርናቸው። አላህ ይርሐማቸው።»

ሲራክ ከሙላቱ ጀርባ ላይ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ጫን አደረገው። ጎማው አልተነፈሰም። «አስቀምጠኝ» አለ ሙላቱን። አስቀመጠው። መሪማ ጫማውን አጠለቀችለት።

የታኅሣሥ ብርድ ከብረቱ ወደ ጉልበቱ ሳይወጣ አልቀረም፣ ቀኝ እግሩ ድንገት ተስፈንጥሮ ጫማውን እግድግዳው ላይ አላተመው።

ሙላቱ ሄዶ ጫማውን አነሳ።

ሲራክ ጆሮውን ወደ እናቱ ጓዳ አዘንብሎ ጠበቀ። እልል የሚል ጠፋ።