ፀሐዩ ፀ

በሬዲዮ ጣቢያው ምድር ቤት ሰርቨሮቹ በዝግታ ያጉረመርማሉ። ከሰዓት በኋላ፣ ብርሃኑ በጠባቧ መስኮት ሲገባ ነው፣ ተምሬ ከውጭ አገር መመለሴን የማምነው። ከሰርቨሩ ጋር በተያያዘች ትንሽ ስፒከር አጎቴ ይናገራል። ከሞተ ቆይቷል። አክስቴ ከድምፅ ክምችት ክፍሏ ወርዳ፣ ዓይኗን ጨፍና ባሏን ታዳምጣለች። የጣቢያው ተራኪ ከነበረው ከእሱ የተረፈው ይህ ቅጂ የሌለው ቀረጻ ብቻ ነው።

ዲስኩ ጢም ብሏል። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ፋይሎቹን የምሰይመው «ድምጽ» እያልኩ ስለሆነ፣ ሌላው ትርፍ መስሎኝ፣ ቦታ ለማስለቀቅ ይህ ቃል የሌለበትን ሁሉ የሚሰርዝ ትእዛዝ ጻፍኩ። ከመሰረዝ በፊት ዝርዝሩን ማየት ደንብ ነው። አላየሁም። የተሰረዙት ስሞች በስክሪኑ ላይ ሲወርዱ በመጨረሻ አጎቴ ራሱ የሰየመው መጣ፦ «የስንብት ድምፅ»።

ክው አልኩ።

«አክስትዬ፣ እንዳትዘጊው!»

«ሊያልቅ ነው እኮ» አለች ዓይኗን ገልጣ። «ምነው አመድ መሰልሽ?»

ሊያልቅ! የተሰረዘ ፋይል አንድ ፕሮግራም ከፍቶ እስከያዘው ድረስ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ስሙ ብቻ ነው። ማጫወቻው ሲለቀው ግን አለቀ። lsof በሚባለው ትእዛዝ የተከፈቱትን ፋይሎች አየሁ፤ አጠገቡ «የተሰረዘ» የሚል ምልክት ያለበት አንድ ነበር። የማጫወቻውን ፕሮግራም መለያ ቁጥር ይዤ kill -STOP አልኩ። kill መግደል ነው፤ STOP ሲከተለው ግን ባለበት ያቆማል።

«ደህና እ—» አለ አጎቴ፤ ዝም አለ።

«ምን አደረግሽው?»

«ትንፋሽ ያዘ።»

«እሱ? አፉን መያዝ የት ያውቅና!»

ማጫወቻው ከያዘው ላይ ፋይሉን በ cp ገለበጥኩ። ክፍሉ ሁሉ ያንን ግማሽ ቃል ይዞ የሚጠብቅ መሰለኝ። ከዚያ kill -CONT፤ ቀጥል ማለት ነው።

«—ደሩ።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። የሆነውን ነገርኳት።

«በየትኛው ጸ ነበር የፈለግሽው?»

«በጸሎቱ። ለማሽኑ ሁለቱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው።»

«እሱ በፀሐዩ ነበር የሚጽፈው። አንቺማ ፀሐይ በሌለበት አገር ተምረሽ፣ ከየት ታመጪዋለሽ?»

ሳቅኩ፤ ዓይኔ ግን ሞልቶ ነበር። በ ln ለአንዱ ፋይል ሁለት ስም ሰጠሁት፦ አንዱን በእሱ ፀ፣ አንዱን በእኔ ጸ። አንዱ ቢሰረዝ ሌላው ይይዘዋል። ቅጂውንም ሌላ ዲስክ ላይ አኖርኩ።

«እንግዲህ» አለች ወንበሯን ወደ ብርሃኑ እየሳበች፣ «ከመጀመሪያው አሰሚኝ።»