እኔን ፈርተው

ልጄ ዝም ካለች ሁለት ወር ሆኗት ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ «ሬዲዮ» ነው የምንላት፤ ከእንቅልፏ ከተነሣችበት ጀምሮ እስክትተኛ አፏ አይከደንም ነበር። ያቺ ሬዲዮ በአንዴ ተዘጋች። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ክፍሏ ትገባለች፣ ትተኛለች። ስጠራት «አቤት» የምትለው ከጉድጓድ ውስጥ ይመስላል።

እኔ ደግሞ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ነው የምሠራው። ያለ ማዘዣ «ያቺን ክኒን፣ በናትሽ» እያሉ የሚለማመጡኝን ወጣቶች ፊት አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ የፈዘዘ ዓይን፣ የሚታከክ አፍንጫ፣ የሚጎተት ምላስ። አንድ ቀን ያንን ፊት ምሳ ላይ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ ኬላ ሆነ። ቦርሳዋን እገለብጣለሁ፣ ጣቶቿን አሸታለሁ፣ የጫማዋን ገበር ሳይቀር እያነሣሁ አያለሁ። አንዴ ነጭ ዱቄት አግኝቼ እሪ ልል ስል የተሰባበረ ጠመኔ ሆኖ አረፈው። ባሌ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷን ጠይቂያት እንጂ ጫማዋን ምን ትመረምሪያለሽ?» ይለኛል።

«አንተ መሪህን ያዝ» እለዋለሁ።

ጠይቂያት አሉ! ጠይቄያት «አዎ» ብትለኝስ? እውነቱን ልናገርና፣ የፈራሁት እሱን ነው። ስለዚህ ጥፋተኛ ፈለግሁ፤ አላጣሁም። አንዲት ጓደኛ አለቻት፣ ቀጭን፣ ጸጉሯን ቀይ የተቀባች፤ እኔ «ክብሪት» እላታለሁ። በራችን ላይ አስቁሜ «ዳግመኛ ልጄ አጠገብ ድርሽ ብትይ ፖሊስ ነው የምጠራልሽ!» አልኳት።

«እትዬ፣ እኔ ምን አደረግሁ?»

«ዝም በይ! ደግሞ አፍ አላት!»

ጎረቤቱ ሁሉ በየመስኮቱ ብቅ ብቅ አለ። ልጄ ከኋላዬ ቆማ ነበር። እኔ ግን ልጄን አዳንኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ሐሙስ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለአንድ አባት የሕፃን ሽሮፕ እየሰጠሁ ነበር። «የተረፈውን ቤት አያስቀምጡ፣ ልጆች እጅ ይገባል፤ ለእኛ ይመልሱልን» አልኩት። በቀን ሠላሳ ጊዜ የምለው ነው፣ አፌ ለምዶታል። ስልኬ ጮኸ። የልጄ ቁጥር ነው፤ የሰማሁት ግን የክብሪትን ድምፅ ነው።

«እትዬ፣ እባክዎ አይቆጡኝ። እናንተ ቤት ነን፤ አትነቃም።»

ነጭ ጋወኔን እንደለበስኩ ሁለት መንገድ አቋርጬ ሮጥኩ። እየሮጥኩ አምቡላንስ የጠራሁት እኔ እንደሆንኩ እንኳ በኋላ ነው የነገሩኝ። ልጄ ክፍሏ ወለል ላይ በጎኗ ተኝታለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ትንፋሿ አንዴ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ እጠብቃለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ደግሞ ይመጣል። የዓይኗን ቆብ ስገልጠው ብሌኗ የመርፌ ጫፍ አክላለች። ወይኔ ልጄን! ይህን የክኒን መመረዝ ምልክት እስከዚያ ቀን የማውቀው ከመጽሐፍ ነበር።

ክብሪትን ትከሻዋን ይዤ ናጥኳት። «ምን ሰጠሻት? ተናገሪ! ምን ሰጠሻት?»

ልጅቷ እጇን ዘረጋችልኝ። ባዶ የክኒን እሽግ ነው። ጥጉ በመቀስ ተቆርጧል፤ እኛ መድኃኒት ቤት እንዲህ ነው የምንቆርጠው። ጀርባው ላይ በሰማያዊ ማርከር «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

አምና ባሌ ወገቡን ኦፕራሲዮን ሲሆን ለሕመሙ ያመጣሁለት ነው፤ ያቺው ወጣቶቹ የሚለማመጡኝ ክኒን። ሲሻለው የተረፈውን ፍሪጅ ላይ ካለው ካርቶን ውስጥ ወረወርኩት። የመድኃኒት ቤት ሰው ቤት መድኃኒት አይጣልም፤ እናውቃለና! «ራሴን» ላለ፣ «ሆዴን» ላለ፣ መልሴ አንድ ነው፦ ከካርቶኑ ፈልግ። የጫማ ገበር ሳነሣ ከርሜ እዚያ ካርቶን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እጄን አልከተትኩም።

አምቡላንሱ ውስጥ ነርሱ «ስንት ፍሬ ነበር?» አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ፍሬ ስቆጥር የምውለው ሴትዮ «አላውቅም» አልኩ። አራትም ሊሆን ይችላል፣ አሥራ አራትም።

«መቼ ነው የዋጠችው?»

የመለሰችው አብራን የገባችው ክብሪት ናት። «ስምንት ሰዓት ላይ። ወዲያው እንቅልፍ ጣላት። ልደውል ብዬ ስልኩን ሁለቴ አንሥቼ አስቀመጥኩት፤ ቤትዎ ካገኙኝ ፖሊስ ይጠሩብኛል ብዬ። ይቅርታ እትዬ፣ ፈርቼዎት ነው።»

አንድ ሰዓት! ልጄ አንድ ሰዓት ሙሉ ትንፋሽ ሲያጥራት የሚደርስላት ያጣችው ክብሪት እኔን ስለፈራች ነው። አፈር በበላሁ አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ነርሱ ዞሮ አየኝ።

ሆስፒታል መርፌ ወጓት። ባሌ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ደርሶ አጠገቤ ተቀመጠ። እሽጉን ሰጠሁት። አገላብጦ አነበበው፤ የእሱ ስምም አለበት። ምነው በሰደበኝ! አጥፎ ኪሱ ከተተው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ክፉ ይነግሩኛል እያልኩ እነሣለሁ።

አመሻሹ ላይ ነቃች። ስታየኝ መጀመሪያ ያደረገችው አንሶላውን እስከ አገጯ መሳብ ነው።

«እማ፣ አትቆጪ።»

«አልቆጣም።»

«ፈተና ሲደርስ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ራሴንም አመመኝ። ከካርቶኑ አንድ ዋጥኩ፣ ሁሉ ነገር ጸጥ አለልኝ። ከዚያ መተው አቃተኝ። አንድ ቀን ልነግርሽ መጥቼ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ጫማዬን ይዘሽ ነበራ።»

እንባዬ መጣ። «እኔም ፈርቼ ነው ልጄ» አልኳት፤ «ፈርቼ ነው።» እንዲህ ብያት አላውቅም። አፍጥጣ አየችኝ፣ ማመን ያቃታት ትመስላለች።

«የቀረውን እነግርሻለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን እሷ ትግባ።»

ባሌን አስከትዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ክብሪት ጥጉ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ስታየኝ ብድግ ብላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ጀርባዋ ከግድግዳው ተለጠፈ።

«ነይ የኔ ልጅ» አልኳት። «ነይ፣ አልቆጣሽም።»

አላመነችኝም። እዚያው ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈች፣ እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን ባሌን አየችው።