የባሕር ማዶ አበባ በድብ ባሕር መንገድ

ይርገዱ ጎንደር ውስጥ የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበትን ክፍል በኃላፊነት ከያዘች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የዚያን ቀን በሰሜኑ በኩል ድብ ባሕር በምትባል ቦታ ላሉ መምህራን ዕፅዋት እንዴት እንደሚደርቁና እንደሚመዘገቡ ልታሳይ፣ ከሰሜን አሜሪካ በልውውጥ የመጡ አሥራ ሁለት ወረቀቶች በካርቶን አቃፊ ይዛ በመኪና እየሄደች ነበር። በየወረቀቱ ላይ ባለሦስት ቅጠል የጫካ አበባ ተጣብቋል፤ ከሥሩ የለቃሚው ስም፣ ቀኑና ቦታው ከምድር ወገብ ያለውን ርቀት የሚያሳየው የጂፒኤስ ቁጥር ተጽፏል።

ሾፌሩ ካሣዬ "ዛሬስ መንገዱ ሸጋ ነው" ብሎ ሳይጨርስ ከድንጋይ ክምር ጀርባ አምስት ታጣቂዎች ወጡ። ሁለቱንም አውርደው አንበረከኳቸው። ፊቱን በሻሽ የሸፈነው አለቃቸው አቃፊውን ከፈተ።

"ይኼ ቁጥር ምንድን ነው?"

"አበባው የተለቀመበት ቦታ ነው። አሜሪካ።"

የአለቃው ጥፊ ጆሮዋን አደነቆረው። "ድሮን የሚመራው በዚህ ቁጥር አይደል? ባለፈው ሳምንት ወንድሜን ከነልጆቹ ያቃጠለው!" በሰደፍ ጎኗን መታት። አጥንቷ ቀጭ ሲል ሰማችው።

"ምነው፣ በማርያም! የቅጠል አስተማሪ ናት እኮ!" ብሎ ካሣዬ ሊነሣ ሲል፣ አንዱ ተኩሶ ጉልበቱን በጣጠሰው። ካሣዬ እንደ በሬ አጓራ።

ይርገዱ ሻርፗን አውልቃ የካሣዬን ጭን ጥፍር አድርጋ አሰረች። አፈሙዝ ጀርባዋ ላይ ደገኑባት፤ አልዞረችም። ቋጠሮውን ስትጨርስ ነው ወደ አለቃው ቀና ያለችው።

"ስልክህ ያለህበትን ቦታ በቁጥር ያሳያል፤ ኔትወርክ አይፈልግም። ክፈተው!" ብላ ጮኸችበት።

አለቃው አፈጠጠባት። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

"የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ይላል?"

"አሥራ ሦስት።"

"ወረቀቱስ?"

አንዱን አየ፤ ሌላውን ገለጠ። "አርባ አንድ… አርባ ሁለት።"

"ወንድምህ የሞተው እዚህ ነው። አርባ አንድ የሌላ ሰው አገር ነው።"

ሰውዬው ይቅርታ አላለም። አቃፊውን መንገድ ዳር ወርውሮ ክብሪት ጫረበት፤ የደረቀ ነገር ነውና ወዲያው ቦግ አለ። "ሐሳቤን ሳልቀይር ሂዱ" አለ።

ይርገዱ ዕድሜዋን ሙሉ መኪና የነዳችው ፀዳ የሚባለው ሜዳ ላይ ለልምምድ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ካሣዬን ከኋላ አስተኝታ፣ በተሰበረ ጎኗ መሪው ላይ ተደፍታ፣ ማርሹን እያንገጫገጨች ጎንደር አደረሰችው። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ተቆረጠ።

ሚስቱ እጅጋየሁ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀቻት። "ለደረቅ ቅጠል ነው ባሌን እግሩን ያስቆረጥሽው?" ብላ ገፈተረቻት። ይርገዱ በማግሥቱም መጣች፤ በሦስተኛውም ቀን። ደም የነካውን አንሶላ ወስዳ አጥባ ትመልሳለች፤ እጅጋየሁ አታናግራትም።

በዘጠነኛው ቀን ካሣዬ በክራንች ሊነሣ ሲል ተንገዳገደ። ሁለቱ ሴቶች ከግራና ከቀኝ ደረሱለት።

"ጠበቅ አድርገሽ ያዥው እንጂ" አለቻት እጅጋየሁ።