ጎብዬ ወደቀች ያልኩ ዕለት

በዚያ ክረምት ወልድያ ውስጥ ያልጠፋ ነገር አልነበረም። ስኳር ጠፋ፣ ቤንዚን ጠፋ፣ መብራትም ብቅ እያለ ይጠፋል። እኔ ግን ቤቴን ዘግቼ ማንም ያልጠየቀኝን ነገር አመርት ነበር፤ ዳታ።

ለሦስተኛ ዲግሪዬ የማጠናው፣ መረጃ እንደ ደራሽ ውሃ ሲመጣ ብዙ ኮምፒውተሮች እንዴት ተካፍለው እንደሚሸከሙት ነው። አንዷ ስትወድቅ ሸክሟ ወደ ጎረቤቷ ይዞራል። ጎረቤቷ ካልቻለች እሷም ትወድቃለች። እንዲህ እንዲህ እያለ መስመሩ በሙሉ ይተኛል። ይህን መዘዝ አስቆማለሁ ብዬ ነው የተነሳሁት። ችግሩ፣ እኔ ዘንድ የሚያጥለቀልቅ ዳታ አልነበረም። ስለዚህ የውሸት ዳታ የሚፈበርክ ፕሮግራም ጻፍኩና ራሴ በለቀቅኩት ጎርፍ ራሴ እጨነቅ ጀመር። እናቴ "ካሳዬ አሁን ምን ይሠራል?" ሲሏት "ይጨነቃል" ትላለች። ጥናቴን ከዚህ ባጠረ ቃል የገለጸው የለም።

ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩኝ። ቁጥር ያምታታኛል ብዬ አምስቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ በእኛ በኩል በሚያልፈው መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች ስም ሰየምኳቸው፤ ቆቦ፣ ጎብዬ፣ ወልድያ፣ ሲሪንቃ፣ መርሳ። ስድስተኛዋን፣ ለክፉ ቀን ተብላ ሥራ ፈታ የምትቀመጠውን፣ የሥራ ባልደረባዬ በረከት በአጎቱ አገር ስም ግራና አላት። ስሙ ሲወጣ ጦርነቱ ሩቅ ነበር። ኋላ ወደ እኛ እየተጠጋ ነው መባል ሲጀምር መቀየር ነበረብኝ፤ አልታሰበኝም። ለነገሩ እኔ የሚታሰበኝ ነገር ሁልጊዜ ሌላ ነው።

የገበያ ቀን ነው። ጺሜን ልላጭ በባጃጅ እሄዳለሁ። በግራዬ አንዲት ጠና ያለች ሴት ዘንቢል አቅፋ ተቀምጣለች። ስልኬ ጮኸ። በረከት ነው፤ ኮምፒውተሮቹን እየጠበቀ እኔ ቤት ነበር።

"ጎብዬ ወደቀች" አለኝ።

መስመሩ ይቆራረጣል። እኔ ደግሞ መስመር ሲቆራረጥ ከጮህኩ የሚቀጠል ይመስለኛል።

"ምን? ጎብዬ ወደቀች? ቆቦስ?"

"ቆቦማ ከጠዋት ጀምሮ የለችም።"

"ቆቦም የለችም? እንግዲያው ሁሉም ወደ ወልድያ እየመጣ ነዋ! ወልድያ ትችለዋለች?"

"እንጃ፣ እየጋለች ነው።"

"ወልድያን አትመናት! እሷ ከወደቀች ሲሪንቃም መርሳም አይቆዩም። ስማኝ በረከት፣ ያለውን ሁሉ አሁኑኑ ወደ ግራና አሽሽ!"

ስልኩን ዘጋሁ። ሹፌሩ በመስታወቱ ያየኛል። ሴትዮዋ "ወራጅ!" አለችና ባጃጇ ቆማ ሳትጨርስ ዘላ ወርዳ፣ ወደ መጣንበት በሩጫ ተመለሰች። አንድ ነገር ረስታ ይሆናል አልኩ።

ፀጉር አስተካካዩ ተፈራ ግራ ጉንጬን ላጭቶ ወደ ቀኙ ሲዞር ውጭ ግርግር ተነሳ። የብረት በር ይዘጋል፣ ሰው ይጠራራል። አንድ ጎረምሳ አንገቱን አስገብቶ "ተፈራ፣ አገር እያለቀ አንተ ጺም ትላጫለህ?" አለው። ተፈራ ምላጩን ጥሎ ሽርጡን እንደለበሰ ወጣ። እኔም ፎጣውን ካንገቴ ሳላወርድ ተከተልኩት።

"ምንድን ነው?" ብዬ ጎረምሳውን ያዝኩት።

"አልሰማህም እንዴ? አንድ ጄኔራል ሲቪል ለብሰው በባጃጅ ሲሄዱ፣ በስልክ ሲያዙ ተሰምተዋል። ቆቦ የለችም። ጎብዬ የለችም። የመንግሥት ንብረት በሙሉ ወደ ግራና ይሽሽ ብለዋል።"

አሁንስ ገባው ትሉ ይሆናል። አልገባኝም። አንድ ብልሽት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚዛመት ለማወቅ ዓይኔ እስኪደክም ያነበብኩ ሰው፣ የገዛ ጩኸቴ የጄኔራል ማዕረግ ለብሶ ሲመጣብኝ አላወቅኩትም። ይልቅ ያሰብኩት "በረከት ለዚያች ኮምፒውተር ስም ሲያወጣ እንዴት አርቆ አሰበ!" የሚለውን ነው።

ወደ ቤት ስሮጥ በረከትን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሃርድ ዲስኮቹን ነቅሎ በፌስታል ይዟል።

"ሰማህ?" አለኝ እያለከለከ። "ጄኔራሉ ግራና ብለዋል። አጎቴ ጋ እንሂድ።"

"አገሩን የሚያውቁ ሰው መሆን አለባቸው" አልኩት።

ሁለት የመረጃ አዋቂዎች በአንድ ፌስታል ከተማውን ለቀን ወጣን።

የተሳፈርንበት ሚኒባስ እስከ በሩ ሞልቶ ነበር። ሲሪንቃ ስንደርስ በመንገዱ ዳር ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች ተነስተው "ምን ሆናችሁ?" ብለው ጠየቁ። ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ በመስኮት ብቅ ብሎ "ወልድያ ወደቀች!" አላቸው። ወልድያን ቅድም በሁለት እግሯ ቆማ ነው የተውናት። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩና፣ ምናልባት እኛ ከወጣን በኋላ ወድቃ ይሆናል ብዬ መልሼ ዘጋሁት። ሴቶቹ ቲማቲማቸውን ወደ ቅርጫት ሲሰበስቡ እያየሁ አለፍን።

ከመርሳ ወደ ግራና ያገኘነው አይሱዙ ነው። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፤ እኔ ዲስኮቹን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ እንደ ቡችላ አቅፌያቸዋለሁ።

የበረከት አጎት አቶ ሽፈራው ገበሬ ናቸው። ስንደርስ ቤታቸው ከወልድያ በመጣ ሰው ሞልቷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ታደለች ሳይጠየቁ ንፍሮ ጥደዋል። እኛም አንድ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። መሐል ላይ አንዲት ሴት ታወራለች፤ ሰዉ ፀዳለ እያለ ይጠራታል፣ ወልድያ ላይ ሱቅ አላት።

"እኔ ከሰው አልሰማሁም!" ትላለች። "ጄኔራሉ ከጎኔ ነበር የተቀመጡት።"

"ምን ዓይነት ሰው ናቸው?" አሉ አቶ ሽፈራው።

"ጺማም ናቸው። ሲቆጡ ባጃጇ ትንቀጠቀጣለች። እንዲህ ያለ ሰው ካለን አንሸነፍም ብያለሁ በሆዴ።"

እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ አዳምጣለሁ። ሰውዬውን ወድጃቸዋለሁ።

"በስልኩ ምን ነበር ያሉት?" ብዬ ጠየቅኩ።

"'ወልድያን አትመናት' አሉ።"

የያዝኩትን ንፍሮ መልሼ አስቀመጥኩ። በረከት ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ከእሱ ዓይን ለመሸሽ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የተላጨው ግራ ጉንጬ ተሸፍኖ ያልተላጨው ቀኙ ለፀዳለ ታያት።

"እሳቸው ናቸው!" ብላ ብድግ አለች።

ቤቱ በሙሉ ተነሳ። አቶ ሽፈራው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አለበሱኝ። "ጌታዬ፣ ሳናውቅዎ ጥግ አስቀመጥንዎ። ምን ይሻለናል?"

በረከት በጆሮዬ "ለጊዜው ጄኔራል ሁን" አለኝ። እውነት ለመናገር ሐሳቡን ገፍቼ አልጣልኩትም። ግን ቀጥሎ ምን ብዬ አዛለሁ?

"ጄኔራል አይደለሁም" አልኩ። "አስተማሪ ነኝ። ጎብዬ ኮምፒውተር ናት።"

"ወልድያስ?" አሉ አቶ ሽፈራው።

"እሷም ኮምፒውተር ናት።"

"ግራናስ?"

"ግራና ደህና ናት አጎቴ" አለ በረከት፤ "እሷ ገና አልተነካችም።"

ፀዳለ ጺም ካለው ጉንጬ ወደሌለው፣ ከሌለው ወዳለው አየችኝ። ከዚያ "አንተ!" አለች። በአንዲት ቃል ከአንቱታም ከማዕረግም ተሻርኩ። "አንተ ለኮምፒውተርህ ነው እንዲያ የጮህከው? ሱቄን ሳልቆልፍ ነው የወጣሁት! አማቴን ከነሕመማቸው በዝናብ ጎትቼ ያመጣሁት!"

ያን ጊዜ ነው አሮጊቷን ያየኋቸው። ምድጃው አጠገብ በእርጥብ ነጠላ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ውስጥ ውስጡን ሊያስቀኝ ጀምሮ ነበር። ሳቁ ጠፋ። "ይቅርታ" አልኩ። ዲስኮቹን ያቀፍኩበት ክንዴ እንኳ ከበደኝ።

አሮጊቷ ቀና አሉ። "ተይው ፀዳለ። እውነት ቢሆን ይሻልሽ ነበር?"

አቶ ሽፈራው ጋቢውን ከእኔ ላይ ገፈው ለአሮጊቷ ደረቡላቸውና፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሌላውም ቀስ በቀስ ተከተላቸው። ፀዳለ ግን አልሳቀችም።

በማግስቱ ከእሷ ጋር ወደ ወልድያ ተመለስን። ሱቁ እንደተከፈተ ነበር፤ አንድ ሳሙና እንኳ አልጎደለም። ሌቦቹም ሸሽተዋል። ተፈራ ሲያየኝ ወንበሩን አራግፎ "ጄኔራል፣ ቀኙን ልጨርስልዎ?" አለ። ያ ስም ከተማውን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። አንዲት ኮምፒውተሬ እንኳ እንዲህ ፈጥና አታውቅም።

ከዚያ ነሐሴ ገባና እውነተኛው ቀን መጣ። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከተራራው ወዲያ ሲሰማ ፀዳለ በሬን አንኳኳች። እኔ የማውቀው ነገር ያለ ይመስል ዓይን ዓይኔን እያየች "ዛሬስ?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

"እኔም አላውቅም። አማቴን የሚያዝልልኝ ሰው አጣሁ።"

በረከትና እኔ ወደ ግራና እየተፈራረቅን አዘልናቸው። መኪና አልነበረም፤ መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ የሚጮህም የሚያወራም የለም። እዚህ ላይ ለአሮጊቷ ስል ጥናቴን ትቼ ወጣሁ ብዬ ብናገር ያምርልኝ ነበር። እውነቱን ግን፣ ዲስኮቹን ረሳኋቸው። ትዝ ያሉኝ ሲሪንቃን ካለፍን በኋላ ነው። በረከትን ሳየው እሱም ባዶ እጁን ነው።

"አንተ ይዘኸው መስሎኝ!" አልን ሁለታችንም እኩል።

አሮጊቷ ጀርባዬ ላይ ሆነው "ምን ጠፋባችሁ?" አሉ።

"ዳታ" አልኳቸው።

"ይተካል?"

የፈበረክሁት እኔ ነበርኩና "ይተካል እማማ" አልኩ።

አሮጊቷ በኅዳር እዚያው ግራና አረፉ። መድኃኒት አልነበረም። አቶ ሽፈራው የራሳቸው እናት እንደሞተች አድርገው አስቀበሯቸው፤ ፀዳለም ቀብሩ ላይ ክንዴን ይዛ ነበር የቆመችው። በታኅሣሥ ስንመለስ የእኔም ክፍል የእሷም ሱቅ ባዶ ነበር። ከኮምፒውተሮቹ የተረፈኝ አንድ የተቆረጠ ገመድ ነው። መጥረጊያ ይዤ በሩ ላይ እንደቆምኩ ፀዳለ መጣች።

"የእኔን ጨርሻለሁ" አለችና መጥረጊያውን ተቀበለችኝ። "አንተ ውሃ ቅዳ።"