የስፌት ማሽን ዘይት

«ውሃ ነው፤ ውሃ አስገብተውበታል» እያለች ዋለች ካሸሯ፣ የሱቁን ደጃፍ ለረገጠ ሁሉ። ለደንበኛ አለች፣ ለጥበቃው አለች፣ አድራሻ ሊጠይቅ ጎራ ላለ መንገደኛ እንኳ አልማረችውም። «ጽዳቷ ሴትዮ ትናንት ሲወለውሉ ባልዲውን ከማሽኑ አጠገብ ማስቀመጣቸውን በዓይኔ አይቻለሁ።» ጠዋት ባልዲው አጠገቡ ነበር፤ ቀትር ላይ ተንገዳገደ፤ ከሰዓት በካሸሯ አፍ ማሽኑ ላይ ተደፋ።

ማሽኑ ዲስክ የሚቀዳና የሚያትም ነው። ክንዱ በጎማ ጣቶቹ የዲስኩን ቀዳዳ ይዞ ከቁልሉ ያነሳል፣ መቅጃው ውስጥ ያስቀምጣል፣ ተቀድቶ ሲያበቃ ወደ ማተሚያው ያሻግራል። የሰው እጅ አይነካውም። አሁን ግን ያነሳውን ሁሉ መንገድ ላይ ይጥለዋል፤ ሥራውን ያዘዘው የርቀት ትምህርት ቤት ደግሞ በዲስክ የሚቀዳለትን የድምፅ ትምህርት ይጠብቃል።

ማሽኑን የምታሠራዋን ልጅ «ኢንጂነሯ» ይሏታል፤ ግማሹ ሙገሳ፣ ግማሹ ሽሙጥ። የተበላሸ ዕቃ እየፈታታች ራሷን ያስተማረች ናት። «ያስተማረኝ የለም፣ ያስቀጠረኝም የለም፤ እጄ ነው» ማለት ትወዳለች። ጽዳቷ ሴትዮ ያሳደገቻት አክስቷ መሆኗን በሱቁ ውስጥ ለማንም ነግራ አታውቅም። ቤት ውስጥ «አክስቴ» እና «አንቺ» ናት፤ ሱቅ ሲገቡ እንደ ሌላው ሰው «እትዬ» እና «እርስዎ»።

ልጅቷ የማሽኑን ክዳን በካቻቢቴ ፈታችው። ውሃ የለም። ዲስኮቹ እንዳይጣበቁ አናፍሳ መልሳ ደረደረቻቸው፤ ክንዱ አሁንም ጣለ። ያኔ የጎማ ጣቶቹ ሲያብረቀርቁ አየች።

ትናንት ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ይጮህ ነበር። ከቤት ባመጣችው የስፌት ማሽን ዘይት ቀባችው። በአክስቷ ቤት የማሽን መድኃኒት አንድ ነው። ጮኸ? ዘይት። ከበደ? ዘይት። ክር በጠሰ? እሱም ዘይት። ያ ዘይት ነው እንግዲህ ወርዶ ጎማው ላይ ያረፈው። በአልኮል ጠረገችው፣ ደግማ ጠረገችው፤ ክንዱ ግን መጣሉን አልተወም። ጎማው ጠጥቶታል፣ አለች በልቧ።

የሱቁ ባለቤት መጡ። ካሸሯ ባልዲውን በአፏ እንደገና ደፋችው። ጽዳቷ ተጠራች።

አክስቷ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ገባችና ወደ ተከፈተው ማሽን ጎንበስ አለች። ያን የዘይት ሽታ ዕድሜ ልኳን ታውቀዋለች። ቀና ብላ ልጅቷን አየቻት፤ ዓይኗን ወዲያው መለሰች።

«ይሆናል ጋሼ፤ ረጭቼበት ይሆናል። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም።»

ባለቤቱ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «የከፈትሽው አንቺ ነሽ። ውሃ ነው?»

ምላሷ ምላጭ ነው የሚሏት ልጅ የማሽኑን ክዳን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«እርጥበት ሊሆን ይችላል» አለች። እሱ አልበቃ ብሏት ጨመረችበት፦ «እትዬ፣ እርስዎም ባልዲውን ራቅ ቢያደርጉት ጥሩ ነበር።»

«እውነትሽን ነው» አለች አክስቷ። ሽርጧን ፈትታ፣ ጥግ ለጥግ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው። ባለቤቱ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ሲነግሯት አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

ማታ አክስቷ የስፌት ማሽኗ ላይ አቀርቅራ ትሰፋለች። ልጅቷ የቀረበላትን ራት እያየች ተቀመጠች።

«ለምን ረጨሁ አልሽ?»

«አንቺ ገና ስም ማትረፍሽ ነው። መወልወያ የትም አይጠፋም።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ዘይቱን ግን ሌላ ጊዜ ስትወስጂ ንገሪኝ። እኔም የምቀባው አለኝ።»

ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ጠዋት ልጅቷ ከባለቤቱ ፊት ቆመች፤ ካሸሯም እዚያው ነበረች። «ውሃ አይደለም፤ ዘይት ነው። የቀባሁት እኔ ነኝ። ደግሞ ሴትዮዋ አክስቴ ናት።»

ባለቤቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «አክስትሽ መሆኗን አውቃለሁ። ማን ያስገባሽ መሰለሽ? ‹እጇን ብቻ ይዩላት› ብላ ደጄ ቆማ ለምናኝ ነው። እንዳልነግርሽም አስምላኛለች።»

ካሸሯ የሂሳብ ማሽኗን መጠራረግ ያዘች።

«ሂጂ ጥሪያት» አሉ ባለቤቱ።

ልጅቷ እየሮጠች ወደ ቤት ሄደች። አክስቷ ከስፌቱ ቀና አላለችም።

«አልመለስም ልጄ።»

«ነገርኳቸው እኮ። ሁሉንም ነገርኳቸው።»

«ደግ አደረግሽ። እኔ ከተመለስኩ ግን ባየሽኝ ቁጥር አንገትሽን ልትደፊ ነው። እኔም ያቺን ‹እርስዎ› ከጆሮዬ አላወጣኋትም። ይቅር፤ ስፌቱ ይበቃኛል።»

ልጅቷ ሱቅ ስትመለስ፣ ባለቤቱ ከማሽኑ ሻጮች ያስጠሩት ጠጋኝ ማሽኑን ፈታቶታል። ከክንዱ ውስጥ እንደ ሽፋሽፍት የቀጠነች የተሰበረች የሽቦ ሞላ በመቆንጠጫ አወጣና መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ጣቶቹን ገፍታ የምታስይዘው ይቺ ናት። አርጅታ ነው።»

«ዘይቱስ?» አለች ልጅቷ።

«ጠርገሽው የለ? ዘይቱ ምንም አላደረገም። ሞላዋ ስትሰነጠቅ ክንዱ ይጮሃል። ሲጮህ ሰምተሽ ከነበረ፣ ዘይቱን ከመቀባትሽ በፊት ተሰንጥቃ ነበር ማለት ነው።»