በቀይ የተጻፈው ብቻ

«እርጉዝ ሴት ወደዚህ ማሽን አትገባም አልኩ እኮ!» አለች ሩቲ፣ በነጭ ጋውኗ የሲቲ ስካኑ ክፍል በር ላይ ተገትራ።

«የምትነሣው እሷ አይደለችም» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ፣ ልጃቸውን ሊዲያን ወደ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር እየሸኙ።

«እሺ፣ እርስዎ ነዎት? ሐብልዎን ያውልቁና…»

«እኔማ ምን ሆኜ!»

«ታዲያ በሽተኛው የታል?»

ወይዘሮ ጀማነሽ እጃቸውን በነጠላቸው ሥር ሰደው ከአንገታቸው አንድ የጠቆረ፣ በወዝ የሚያብረቀርቅ የቆዳ ክታብ ጎትተው አወጡ። «ይኸው።»

ሩቲ ክታቡ ካርድ አውጥቶ እንደሆነ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሃፍቶም ደረሰላቸው። ሃፍቶም የሊዲያ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ነው። የጥንት ክታቦችን ስፌታቸው ሳይፈታ የማንበብ ጥናት ይዞ፣ በምሳ ሰዓት ይህን የካዛንቺስ ክሊኒክ ማሽን እየተዋሰ ይሠራል።

ሊዲያ ነገ ጠዋት በኦፕራሲዮን ልትወልድ ነው። እናቷ ደግሞ ይህ ክታብ አንገቷ ላይ ሳይታሰር ሆስፒታል አትገባም ብለዋል። ችግሩ፣ ክታብ ባለቤቱን የሚያውቀው በክርስትና ስሙ ነው፤ ስሙ ሳይኖርበት ማሰር፣ እንደ ወይዘሮ ጀማነሽ አባባል፣ የሰው መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው። የሊዲያ አያት፣ ልጅቱ ክርስትና የተነሣች ሰሞን፣ ከዘር የወረደውን ይህን ክታብ ደብተራ ዘንድ ወስደው፣ አስፈትተውና መልሰው አሰፍተው ሲመለሱ «ስሟን አስገብቼላታለሁ» ብለው ነበር። አያትየው ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያላደረጉትንም አደረግሁ ማለት የሚወዱ ሴት ነበሩ። ሊዲያም ቁርጥ አድርጋ ተናግራለች፦ «ስሜ ካለበት አስራለሁ። ከሌለበት ግን በቃ፣ እንዳትጨቀጭቂኝ።» ቀድዶ ማየትማ አይታሰብም፤ ያለ ደብተራ የተከፈተ ክታብ ጥበቃውን ይተዋል፤ እስከ ነገ ጠዋት ደግሞ ደብተራ ከየት ይመጣል።

ማሽኑ ሲያጓራ ወይዘሮ ጀማነሽ ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ወንበር ሆኑ። ታች ወደ ኡራኤል የሚሄዱት ታክሲዎች በክላክስ ይሰዳደባሉ።

«አያቃጥለውም አይደል?»

«አያቃጥለውም፣ እትዬ።»

«ኃይሉንስ?»

ሃፍቶም ይህንን እንኳ አላጠናም።

ኮምፒውተሩ ላይ የተጠቀለለው ብራና ቀስ እያለ ተዘረጋ። እዚህም እዚያም ጥቂት ቃላት ያበራሉ፤ የቀረው ግራጫ ሜዳ ነው።

«ጽሑፉን ምን በላው?»

«ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ስለሆነ ማሽኑ አያየውም። የሚታየው ማዕድን ያለበት ቀዩ ነው። ደግነቱ የባለቤቱ ስም የሚጻፈው በቀይ ነው። እንዲያው ከፊደሉ አጣጣል ስገምት፣ ብራናው ከጎንደር ነገሥታት በፊት የነበረ ነው፣ እትዬ። የማንን ስም ልፈልግ?»

ወይዘሮ ጀማነሽ ሩቲን በጎን አዩ። የክርስትና ስም በየሰው ፊት አይዘራም። የሊዲያን የቀጠሮ ወረቀት አውጥተው ጀርባው ላይ ጻፉ፣ ለሃፍቶም አንዴ ብልጭ አደረጉለትና አጣጥፈው ጡታቸው ሥር ከተቱት።

ሃፍቶም ማውሱን ሲያንሸራትት ቆየ። «አገኘሁት። ‹ለአመትከ›፣ ‹ለሴት ባሪያህ› ይላል፤ ስሙ የሚገባው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የሦስት ሰው ስም ርዝራዥ አለ፤ አንዱ እየተፋቀ በላዩ ሌላው ተጽፏል።»

«የመጨረሻውስ?»

«እሱም ተፍቋል። ከላዩ ግን ምንም አይታይም።»

«ባዶ ነው በለኛ!»

«ወይ ባዶ ነው፤ ወይ ደብተራው ቀይ ቀለም አልቆበት በጥቁር ጽፎታል።»

«በምን ይለያል?»

ሃፍቶም ከማሽኑ ያወጣውን ክታብ ስፌት አየት አደረገ። ወይዘሮ ጀማነሽ ፈጠን ብለው ክታቡን አነሡና ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ምላሳቸው ላይ «አለሽበት» የምትል ቃል ተሰናድታ ነበር። ማን ያውቅባቸዋል? ሃፍቶምም ዝም ይልላቸዋል። ሊዲያ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በሌላው ስልኳን አሥር ጊዜ እያበራችና እያጠፋች ትጠብቃለች።

«እሺ፣ አለሁበት?»

ቃሏ እንቢ አለቻቸው። ተዋሽቶ የሚታሰር ክታብ ደግሞ ምን ሊሆን!

«አልታወቀም» አሉ። የተፋቀውን፣ ቀዩን፣ ማሽኑ የማያየውን ጥቁሩን ዘርዝረው ነገሯት። «ያልሽው አልተገኘም። ቃሌ ቃል ነው፣ አልጨቀጭቅሽም።» እንዲህ እያሉ ክታቡን ወደ አንገታቸው ሊመልሱ ክሩን አሰሩት፤ መልሰው ፈቱት፤ እንደገና አሰሩት።

ሊዲያ ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ፀጉሯን በአንድ እጇ ሰብስባ ወደ ላይ ያዘችና ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

«እሰሪልኝ።»

«ስምሽ ባይኖርበትስ?»

«እማዬ፣ የኮንዶሚኒየማችን ዘበኛስ መቼ ስሜን ያውቃል?»